ሻለቃው በእርሳስ ያሰመረው መስመር

እንግሊዝ አገር፣ የበረራ ትምህርት ቤት
ኖቬምበር 14 ቀን 1929 እ.ኤ.አ.

ለተከበሩ አጎቴ ለሐጂ ሸንሻል፣ ኡም ሲድራ፣ ኤፍራጥስ ዳር።

የአላህ ሰላምና እዝነት በእርስዎ፣ በቤትዎና በደጅዎ በሚያልፈው ውሃ ላይ ይሁን። እኔ ደህና ነኝ፤ ከብርዱ በቀር የከፋኝ ነገር የለም። ይህ አገር ፀሐይን የሚያውቃት በወሬ ነው።

አጎቴ፣ ባለፈው ማክሰኞ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን በረርኩ። አስተማሪው ከመቀመጫው ወረደና ትከሻዬን መታ አድርጎ «እንግዲህ የሚያርምህ የለም» አለኝ።  ከመሬት ስለቅ ግን ትዝ ያሉኝ እርስዎ ነበሩ። የመጀመሪያዋን ጀልባ ሲሰጡኝ «ከገለበጥካት ዋኝተህ ና፤ ካልገለበጥካት ዓሣ ይዘህ ና» ብለውኝ ነበር። ይህችኛዋ ብትገለበጥ ተዋኝቶ አይመጣም።

ከባግዳድ የመጣነው አምስት ነን፤ ከወንዙ ሰው እኔ ብቻ። እናትና አባቴን ኮሌራ ከወሰዳቸው ወዲህ ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎትና በአብራሪ ልብስ የተነሣሁትን ፎቶ በመጀመሪያ የላክሁት ለእርስዎ ነው። ከቻሉ ትንሽ ቴምርና የደረቀ ሎሚ ይላኩልኝ። የዚህ አገር ሻይ ሆድ ያቀዘቅዛል።

የእህትዎ ልጅ
ዛሂር ሙሕሲን


ኡም ሲድራ
ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1930

ለዛሂር። ሰላም ላንተ ይሁን፤ ጌታ የሄድክበትን መንገድ መመለሻም ያድርግልህ። ይህን የሚጽፈው ሙላ ዐቡድ ነው። እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ያሳምራል። ስድብ ከበዛ አልጽፍም ስላለ የጎደለውን አንተ ሙላበት።

ፎቶህ እንግዳ በምንቀበልበት የሸምበቆ አዳራሽ፣ ሙዲፉ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ዋለ። ማጢል ከማዶ፣ ከሑወይሻ ተሻግሮ መጥቶ ነበር። ታውቀዋለህ፣ የሰው ሠርግ ላይ እንኳ እንከን ካላወጣ ምግብ አይወርድለትም። አየት አደረገና «ይሄ የደፋው ቆብ ነው ድስት?» አለ። እኔም «ያንተ ልጆች ቆቡም ድስቱም የላቸውም» አልኩት። ስቀን ሻይ ጠጣን። እሱ የሳቀ መስሎ ፎቶህን ሦስቴ መልሶ አየው።

ቴምሩን ልኬያለሁ። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ። በእንግሊዝ ላይ በተነሣንበት በአብዮቱ ዓመት አውሮፕላኖቻቸው ሲመጡ አንተ አሥራ አራት ዓመትህ ነበር። ቦይ ውስጥ ከሆዴ ሥር አስተኝቼህ አፍህ ጭቃ እስኪሞላ ድረስ ተጭኜሃለሁ። ያን ቀን የቀበርናቸውን አልዘረዝርም። ትከሻህን መታ የሚያደርገው ሰውዬ ዕድሜው ስንት ነው? ያን ዓመትስ የት ነበር?

አጎትህ ሸንሻል


ባግዳድ
ሜይ 3 ቀን 1931

ለተከበሩ አጎቴ፣ ሰላምና ጤና ከእርስዎ አይለይ።

መልስ ሳልጽፍ ከዓመት በላይ መቆየቴን ይቅር ይበሉኝ። ፈተና ነበር፣ ከዚያም ጉዞው። አውሮፕላኖቹን ራሳችን እያበረርን አገራችን ገባን። ባሕር ተሻገርን፣ በረሃ ላይ አሸዋ ዓይናችንን ሞላው፣ አንዱ ሞተር ሁለት ጊዜ ጠፍቶብን ሁለት ጊዜ ቀጥቅጠን አስነሳነው። ባግዳድ ስናርፍ የጠበቀን ሕዝብ ብዛት አይነገርም። አንድ ሽማግሌ የአውሮፕላኑን ክንፍ በመዳፉ እየደባበሰ «የኛ ነው? እውነት የኛው ነው?» ይለኝ ነበር። አዎ ስለው አለቀሰ።

አሁን መቶ አለቃ ነኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ደቡብ ስለምበር በኡም ሲድራ ላይ አልፋለሁ። ክንፌን ሦስቴ ካዘነበልኩ እኔ ነኝ።

ዛሂር


ኡም ሲድራ
ጁላይ 9 ቀን 1931

ሰላም ላንተ ይሁን፤ ላደረሰህ ጌታ ምስጋና ይገባው።

መጣህ፣ አየንህ። ክንፍህን ሦስቴ ማዘንበልህን የቆጠርኩት እኔ ብቻ ነኝ። ሌላው ሰው ሁሉ ቦይ ውስጥ ነበር። ሴቶቹ ድምፁን እንደሰሙ ልጆቻቸውን ይዘው ዘለሉ። ሁለት ጎሾች ገመድ በጥሰው ሩዙን ረጋግጠው ሄዱ። እኔ ሙዲፉ ደጅ ቆሜ «የኛ ልጅ ነው፣ ውጡ» እያልኩ ብጮህ ማን ይሰማኛል። ማጢል በኋላ መጥቶ «ልጅህ ሰላም ሲል እንዲህ ከሆነ ሲቆጣስ?» አለኝ። ሻይ ቀዳሁለት።

ኮርቼብሃለሁ። ይህን ሙላው ሁለት ጊዜ እንዲጽፈው ነግሬዋለሁ፤ አንድ ይበቃል ብሎ እምቢ አለ። ግን በላያችን አትለፍ። ስትመጣ በመሬት ና።

ስለ አስተማሪህ ጠይቄህ ነበር። ይሄ ሁለተኛዬ ነው።

ሸንሻል


ባግዳድ
ጃንዋሪ 17 ቀን 1934

ለተከበሩ አጎቴ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፣ ቁርጥማትዎንም ያቅልልዎት።

በየበዓሉ ሰላምታ ብቻ እየላክሁ ዓመታት አለፉ። ደፍሬ ያልጻፍኩትን ዛሬ ልጻፍ። አስተማሪዬ ያን ዓመት በኤፍራጥስ ላይ በሯል። አንድ ቀን ካርታ ዘርግተን ሳለ ጣቱን ከኩፋ ከተማ በታች፣ እኛው ጋ አድርጎ «ይህን ወንዝ በቃሌ አውቀዋለሁ» አለኝ። ፊቴን አላየም፤ ስለ ነፋስና ስለ ከፍታ ቀጠለ። እኔም ስለ ነፋሱ ጠየቅሁት። አንድ ቃል ብናገር በሚቀጥለው መርከብ ይመልሱኝ ነበር። ጥሩ አስተማሪ ነበር፤ የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት ከእሱ ነው። አራት ዓመት ያህል ያልመለስኩልዎት በዚህ ምክንያት ነው።

ካለፈው ወር ጀምሮ ሻለቃ ሆኛለሁ፤ የአየር ጓዱ በእጄ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ሳይሞላው አሥራ ሁለት አብራሪ ያዛል ብለው የሚያሙኝ አሉ። ይበሉ።

አጎቴ፣ ልለምንዎት። እዚህ ስለ ወንዙ ነገዶች የሚወራው ደግ አይደለም። ጠመንጃዎቹን ለመንግሥት ያስረክቡ። ልጆቹ ለውትድርና ሲጠሩ ይሂዱ። ማጢልንም ይምከሩት፤ እርስዎን ይሰማል።

ዛሂር


ኡም ሲድራ
ማርች 22 ቀን 1935

ለሻለቃ ዛሂር። ሰላም ላንተ ይሁን።

ስለ አስተማሪህ እውነቱን ስለነገርከኝ አመሰግንሃለሁ። ነፋሱን መጠየቅህን ግን ባልሰማሁ።

የቦያችንን አፍ መንግሥት ለባግዳድ ባለሀብት ሰጥቶታል። ሰውዬው የውሃ ሞተር አስተክሎ ዘበኛ አቁሟል። አያቶቻችን በእጃቸው የቆፈሩትን ቦይ እኛ በሰዓት እንድንቀዳ ወረቀት ለጠፈብን። የቀረችውን ውሃ ደግሞ ከማጢል ጋር እንነጣጠቅባታለን፤ ከዚያ ወዲህ እኔና እሱ ሰላምታችን ቀዝቅዟል። ሆኖም ወጣቶቹ ከሁለታችንም መንደር ተነሥተው የባቡሩን ሐዲድ ነቀሉት። አልከለከልኩም። ብከለክልም አይሰሙኝም ነበር፣ ግን አልከለከልኩም።

እንግዲህ በአውሮፕላን ትመጣላችሁ። አውቃለሁ። አትምጣ ብዬ አልለምንህም፤ አንተ ብትቀር ሌላ ይመጣል። የምለምንህ ሌላ ነው። መምጣት ካልቀረ አንተ ራስህ ና። የቱ ሙዲፍ፣ የቱ ጎተራ እንደሆነ ታውቃለህ። ሴቶቹ ስንት ሰዓት ውሃ እንደሚወርዱ ታውቃለህ። ባዳው ይህን አያውቅም።



ሸንሻል


ባግዳድ
ሜይ 6 ቀን 1935

ለተከበሩ አጎቴ።

ደብዳቤዎች በብዙ እጅ እያለፉ ስለሆነ አጭር እጽፋለሁ። ስለ ደረትዎ ሕመም ሐኪሙን አማከርኩ። ከፊታችን ሐሙስ ጀምሮ ጥቂት ቀን ከቤት ወጥተው የበረሃ አየር ቢወስዱ ይሻላል ብሏል። ቤተሰቡ ሁሉ አብሮዎት ቢወጣ ለእርስዎም ደስታ ነው። ከቤት ማንም ባይቀር መልካም ነው።

እኔ ደህና ነኝ።

ዛሂር


ኡም ሲድራ
ጁን 11 ቀን 1935

ሰላም ላንተ ይሁን።

ደረቴን አሞኝ አያውቅም። አንተም ታውቃለህ፣ እኔም ገባኝ።

ሙዲፉ ነዷል። አሥራ ሦስቱ የሸምበቆ ቅስቶች፣ አባቴ ያቆማቸው፣ ሻይ ፈልቶ እስኪወርድ ድረስ እንኳ አልቆዩም። ጎተራውም ነዷል፤ ባዶ ነበር። ከኛ መንደር ሰው አልሞተም። ዶሮ እንኳ አልሞተችም። ከበረሃው ዳር ሆነን አየን። ዝቅ ብለህ መጥተህ፣ ዞረህ፣ እንደገና መጥተህ የጣልከውን አየሁ። በእጅ የማስቀመጥ ያህል ነበር። ማን እንደሆንክ የነገረኝ የለም፤ አያያዝህን አውቀዋለሁ።

ከማዶ ግን፣ ሑወይሻ፣ አሥራ አንድ ሰው ቀበሩ። ማጢል ራሱ አለበት። እዚያ የመጣው አብራሪ ከፍ ብሎ ቆይቶ ቦምቡን እንደ ዘር በተነው። ጋዜጣው «በሰላማዊ ሰዎች ላይ ጉዳት አልደረሰም» ብሏል አሉኝ። ለአንተም ኒሻን እንደሰጡህ ሙላው አንብቦልኛል።

ለለቅሶ ተሻገርኩ። የማጢል ሚስት ፊንጃና የድንኳኑን ደጅ ይዛ ቆማ «ሐጂ፣ ያንተ ዶሮዎች እንዴት ናቸው?» አለችኝ። ሌላ አልተናገረችም። ከዚያ ወዲህ ሰላምታዬን የሚመልስልኝ የለም። ገበያ ስገባ ወሬው ይቆማል። የራሴ ሰዎች እንኳ በጎን ያዩኛል፤ «ለምን ነበር ሐሙስ ያወጣኸን?» ይላሉ። ደስ ብሎኝ ነው እላቸዋለሁ።

አንድ ነገር ንገረኝ። ማዶውን ለምን ተውከው?

ሸንሻል


ባግዳድ
ጁላይ 2 ቀን 1935

ለተከበሩ አጎቴ።

ይህን ደብዳቤ የያዘው ሰው የታመነ ነው፤ በፖስታ አልላክሁትም። ስለዚህ ሁሉንም እጽፋለሁ።

ትእዛዙ የመጣው ለሁለቱም የወንዙ ዳርቻ ነው። ካርታው ፊቴ ተዘርግቶ አብራሪዎቹ ዙሪያዬን ቆመው ነበር። እርሳስ አንሥቼ በወንዙ መካከል ከላይ እስከ ታች አሰመርኩ። «ምዕራቡን እኔ እወስዳለሁ» አልኩ። ምሥራቁን ከሰሜን ተራራ ለመጣ መቶ አለቃ ሰጠሁት። ወንዙን ከዚያ በፊት አይቶት አያውቅም። «ጌታዬ፣ እዚያ ያለው ምንድነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ለማወቅ ፈልጎ ነው የጠየቀኝ። «ምሽግ» አልኩት። አንድ አሮጌ የቱርክ ምሽግ አለና ውሸት አልነበረም። ቤቶችም አሉ ብል የእኛን ዳርቻ ለምን አውቄ እንደመረጥኩ ይገባቸው ነበር። ዝም አልኩ። በእንግሊዝ አገር አንድ ጊዜ ዝም ብዬ ነበር፤ ሁለተኛው ቀለለኝ።

ሁለቱንም ዳርቻ እኔ ልውሰድ ማለት እችል ነበር። ነዳጁ ይበቃል። ያን ቀን ይህ አልታየኝም ብል እዋሻለሁ። ታይቶኛል፤ ግን ሁለቱንም ብወስድ ሰው ሁሉ ይጠረጥረኛል ብዬ ፈራሁ።

አሥራ አንዱን የገደለው መቶ አለቃው አይደለም። አዛዡ እኔ ነኝ። ኒሻኑን ደረቴ ላይ ሲሰኩ ቆሜ ተቀበልኩ።

እንዲህ እንደሆነ እርስዎ እንዲያውቁት ፈልጌ ነው። የሚያደርጉበትን እርስዎ ያውቃሉ።

ዛሂር


ኡም ሲድራ
ዲሴምበር 19 ቀን 1935

ለእህቴ ልጅ ለዛሂር። ሰላም ላንተ ይሁን፤ ጌታ የተሸከምከውን ያይልሃል።

አምስት ወር ዝም ያልኩት ንቄህ አይደለም። ደብዳቤህን በብብቴ ይዤ ስዞር ነበር።

በመጨረሻ ጀልባ ተሳፍሬ ማዶ ተሻገርኩ። ሙላ ዐቡድ አልሄድም ቢል በእጁ ጎትቼ ወሰድኩት። በማጢል ቤት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነበር። «ሻይ አትቅዱልኝ፣ ከሰማችሁ በኋላ ትወስናላችሁ» አልኩ። ሙላውንም ደብዳቤህን ከሰላምታው እስከ ስምህ አንብብ አልኩት። አነበበ። «ምሽግ አልኩት» የሚለው ጋ ሲደርስ ቆመ። ፊንጃና ከመጋረጃው ኋላ «ቀጥል» አለችው።

ሸጠውኛል ትለኝ ይሆናል። አልሸጥኩህም፤ የራሴንም አብሬ አውጥቻለሁ። እስከ ዛሬ ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳቸው። ስለ ደረቴ የጻፍክልኝ ደብዳቤ የደረሰኝ ማክሰኞ ነበር። ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ሁለት ቀን ነው። ከኛ እስከ ማዶ በጀልባ አንዲት ሲጋራ ተጨሳ አታልቅም። አልላክሁም። ብነግራቸው ወሬው ይወጣና አንተን ይሰቅሉሃል ብዬ ነው። ደግሞም ማጢል በዚያው ሰሞን ውሃዬን ዘግቶብኝ ነበርና ልቤ በእሱ ላይ ደንድኖ ነበር። ሁለቱም እውነት ነው። የቱ እንደሚበልጥ እኔም አላውቀውም። አንተ መስመር አሰመርክ፣ እኔ ጀልባ አልላክሁም።

 አንዱ ወጣት ሽጉጡን ነካ ሲያደርግ ፊንጃና «ተቀመጥ» አለችው። ከዚያ ለእኔ «ይህን ከለቅሶው ቀን ጀምሮ ነበር የምጠብቀው» አለችኝ።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነገር ወሰኑ። የቦዩ ውሃ ተራችን ለሰባት ዓመት ለሑወይሻ ወላጅ አልባዎች ይሁን፤ እሺ ብያለሁ። አንተ በሕይወትህ እዚህ ወንዝ ዳር እግርህን አታሳርፍ፤ ይህን ካከበርክ ደምህን አይፈልጉም። ስለ አንተ ሆኜ ቃል ሰጥቻለሁ። ለቀብሬም አትመጣም ማለት ነው። ሙላው ይህ አይጻፍ ቢልም አስጽፌዋለሁ።

ሦስተኛውን የጠየቀችው ፊንጃና ናት። የሞቱትን ስም ሙላው በሌላ ወረቀት ጽፎ አያይዞልሃል። አንተ በገዛ እጅህ ገልብጠህ፣ የወታደር ማኅተም ሳታደርግበት፣ መልሰህ ላክላት። ወረቀቱ ከእሷ ዘንድ ይቀመጣል።

የሰማው ሰው ብዙ ስለሆነ ነገሩ ባግዳድ መድረሱ አይቀርም። ቀድመህ የምታደርገው ካለ አድርግ።

ከዚያ ሻይ ቀዱልኝ። ጠጣሁት።

አጎትህ ሸንሻል


ባግዳድ
ጃንዋሪ 8 ቀን 1936

ለተከበሩ አጎቴ፣ አላህ በጤና ያቆይዎት።

የሰጡት ቃል ቃሌ ነው። ወንዙን አልረግጥም።

ጓዱን ትናንት አስረክቤያለሁ። ኒሻኑን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ አለቃዬ «አሞሃል?» አለኝ። አላመመኝም አልኩት። መስመሩን እኔ እንዳሰመርኩ፣ ለእርስዎም ማስጠንቀቂያውን እኔ እንደላክሁ ነገርኩት። ሌላ ሰው ሳይነግረው ከእኔ ይስማ ብዬ ነው። «ይህን ባትነግረኝ ይሻልህ ነበር» አለኝ። መርማሪዎቹ ሰኞ ይመጣሉ። ከዚያ በኋላ መጻፍ አልችል ይሆናል፤ ቢዘገይብዎ አይጨነቁ። መቶ አለቃው ለምን እንዳስረከብኩ ለማወቅ ክፍሌ መጥቶ ነበር። ምሽግ ብቻ እንዳልነበረ ነገርኩት። ሰላምታ ሳይሰጠኝ ወጣ።

ለወይዘሮ ፊንጃና የጠየቀችውን ይስጡልኝ። የእጄ ጽሑፍ ነው፤ ሌላ ሰው አልነካውም።

ማጢል ሰዕዱን። ወንድሙ ሚዝዒል ሰዕዱን። የሚዝዒል ሚስት ነሽሚያ። ልጆቻቸው ሻኒያና ጃቢር፣ ዘጠኝና ስድስት ዓመት። ጀልባ ሠሪው ሱበይሕ። አሮጊቷ ዘጊራ፣ መራመድ የማትችለው። የጎሾች ጠባቂው ዒዳን። በእንግድነት የመጣው የጨርቅ ነጋዴ ሐንቱሽ፣ ከስሙ በቀር የት አገር ሰው እንደሆነ ያልታወቀ። ቲስዋሂን፣ አራስ የነበረችው። የቲስዋሂን ልጅ፣ የአሥራ ሁለት ቀን፣ ስም ያልወጣላት።

ዛሂር ሙሕሲን